40 ክሬዲት ሳይሞላ 65 ለሚደርስ የኡበር ሹፌር ምን መላ አለ?

ብስራት_ቪኤ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የአንድ ሰው ጉዳይ ይምሰል እንጂ በዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መሪ ይዘው ያረጁትን ብዙዎች የሚነካ ነው።

ሰውየው አሜሪካ የገቡት በ2012 ነው፤ አሁን ሲቲዝን ናቸው። በወረቀት ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ፓርኪንግ ውስጥ በደብሊው-2 (ታክስ እየተቆረጠ በሚከፈል ደመወዝ) ሠሩ፤ ከ2016 ወዲህ ግን ኡበርና ሊፍት ብቻ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ገጻቸው ሲከፈት እስከ 2024 መጨረሻ 32 ክሬዲት (ጡረታ ለማግኘት 40 የሚጠየቅበት የሥራ ነጥብ፣ በዓመት ቢበዛ 4) ይዟል፦ ከፓርኪንጉ 16፣ ከ2016 እስከ 2021 ባሉት 6 ዓመታት 9 ብቻ፣ ለ2022 ሁለት፣ ለ2023 ሁለት፣ ለ2024 ሦስት።

የ2025 ታክሳቸው ገና አልገባም። 1099 (ኩባንያው ለሹፌሩ የሚሰጠው የገቢ ወረቀት) ላይ የወጣው ጥቅል ገቢ 52,000 ዶላር ነው፤ ኩባንያው የወሰደው 13,000፤ የነዱት 45,000 ማይል ለመኪና ወጪ በሚፈቀደው 70 ሳንቲም ሲባዛ 31,500። የተጣራው 7,500 ዶላር ይሆናል ማለት ነው።

ዓመቱን ሙሉ እየነዱ 4 ክሬዲት የማይሞላው ለምንድን ነው? ከ65 በፊት 40 የሚሞላበት ሕጋዊ መንገድ አለ? አካውንታቸው ነገ ጠዋት ቢዘጋስ (መቼም ማስጠንቀቂያ እንደሌለው ታውቃላችሁ) ምን ይዘው ይቀራሉ? ሐሳባቸው 67 ሲሞላቸው አዲስ አበባ ጠቅልሎ መግባት ነው።

ባለማይል፦

ነገሩ ያለው ማይሉ ላይ ነው። ክሬዲት የሚቆጠረው ከጥቅሉ ሳይሆን ከተጣራው ነው። 45,000ውን 40,000 አድርጎ ማስገባት ነው፣ አለቀ። የተጣራው 11,000 ይሆናል፣ 4 ክሬዲትም ይሞላል። ብዙ ታክስ ሠሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ሒሳብ_ቤት፦

ባለማይል፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን አይደለም። በራሱ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ታክሱን ሲያሰላ የሚፈቀድለትን ወጪ በሙሉ መቀነስ አለበት። የአይአርኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) አቋም ከ1956 ጀምሮ ይኸው ነው። ማይል ማብዛት ጥፋት እንደሆነ ሁሉ ክሬዲት ለማግኘት ብሎ ማሳነስም አይፈቀድም። መዝገብህ 45,000 እያለ ወረቀትህ 40,000 ካለ፣ ያ ክሬዲት ሲመረመር ሊነሳ ይችላል። ደግሞም አያስፈልግም፤ ከዚህ የረከሰ ሕጋዊ መንገድ አለ።

መጀመሪያ ለምን እንደጎደለ እንይ። ክሬዲት የሚሰጠው በተሠራበት ወር ብዛት ሳይሆን በዓመቱ ገቢ መጠን ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ነው፤ አራቱ 7,240። ከስኬጁል ሲ (የራስ ሥራ ትርፍ የሚሰላበት ቅጽ) የወጣው ትርፍ ግን እንዳለ አይቆጠርም፤ በ92.35 በመቶ ይባዛል። 7,500 ሲባዛ 6,926 ይሆናል። ለ1,810 ስታካፍሉት 3.8 ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ደግሞ ሽርፍራፊ አይሰጥም፣ 3 ብሎ ይዘጋል። 4 ለመሙላት የተጣራው ትርፍ 7,840 መድረስ ነበረበት። የጎደለው 340 ዶላር ብቻ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። የራስ ሥራ ታክስ የሚሰላበት ቅጽ ስኬጁል ኤስኢ ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ላይ «አማራጭ ስሌት» የሚባል ነገር አለ፣ አብዛኛው ታክስ ሠሪ አልፎት የሚሄደው። የተጣራ ትርፍህ ትንሽ ሲሆን የጥቅል ገቢህን ሁለት ሦስተኛ፣ ቢበዛ ግን የ4 ክሬዲቱን ዋጋ፣ ገቢዬ ነው ብለህ ታክሱን እንድትከፍልበት ይፈቅዳል። ለ2025 ጣሪያው 7,240 ነው። መስፈርቶቹ እነዚህ ናቸው፦

የተጣራው ትርፍ ከ7,840 በታች፣ እንዲሁም ከጥቅሉ 72.189 በመቶ በታች መሆን አለበት። የእሳቸው 7,500 ሁለቱንም ያሟላል። ካለፉት 3 ዓመታት ቢያንስ በሁለቱ ከራስ ሥራ የተጣራ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ መገኘት አለበት። በዕድሜ ልክ ደግሞ ከ5 ዓመት በላይ አይፈቀድም፤ ተከታታይ መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም።

ዋጋውን አስሉት። 7,240 ሲቀነስ 6,926፣ 314። በራስ ሥራ ታክሱ 15.3 በመቶ ሲባዛ 48 ዶላር። አንድ ክሬዲት በ48 ዶላር። ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ያሳየ ሹፌር እንኳ በዚህ መንገድ 4 ክሬዲት ያገኛል፤ ያኔ ግን የ7,240ውን ሙሉ 15.3 በመቶ፣ ማለትም ወደ 1,108 ዶላር ይከፍላል።

ብስራት_ቪኤ፦

በጣም አመሰግናለሁ። 2025 በዚህ 4 ቢሆን እንኳ 36 ነው። በ2026 ሌላ 4 ተጨምሮ 40 የሚሞላው ገና በ2027 ሲፋይል ነው። እስከዚያ አካውንቱ ከተዘጋ 36 ላይ ሊቆም አይደለም?

ሒሳብ_ቤት፦

ያለፉት ዓመታት አሉ እኮ። ስኬጁል ኤስኢ ላይ የስሌቱን ዓይነት ከፋይል በኋላም በ1040-ኤክስ (በማረሚያ ቅጹ) መቀየር ይቻላል። ወሳኙ የሶሻል ሴኩሪቲ የጊዜ ገደብ ነው፦ የራስ ሥራ ገቢ መዝገብ ላይ የሚገባው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ከተፋየለ ብቻ ነው። ለ2022 ገቢ ያ ቀን ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው። ከዚያ በኋላ ታክሱን ብትከፍልም ክሬዲቱ አይገባም።

የተጣራ ትርፋቸው ለ2022 ወደ 4,000፣ ለ2023 ወደ 5,000፣ ለ2024 ወደ 6,500 ነበር ብለን እንውሰድ፤ ካላችሁት የክሬዲት ብዛት ጋር ይገጥማል። የ4 ክሬዲት ዋጋ በ2022 6,040፣ በ2023 6,560፣ በ2024 6,920 ነበር። በአማራጩ ሲሰላ ተጨማሪው ታክስ ለ2022 ወደ 359 ዶላር፣ ለ2023 ወደ 297፣ ለ2024 ወደ 140 ይመጣል። የ2025ቱን 48 ሲጨምሩበት ድምሩ 844 ዶላር ነው፤ ያለፉት ዓመታት ላይ ወለድና ምናልባት ትንሽ ቅጣት ይጨመራል።

ክሬዲቱስ? 2022 ከ2 ወደ 4፣ 2023 ከ2 ወደ 4፣ 2024 ከ3 ወደ 4። 32 የነበረው 37 ይሆናል። የ2025 አራቱ ሲገቡ 41። 2022 ከቀረ ግን 39 ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው 2022 ነው። በወረቀት ሞልታችሁ፣ ፈርማችሁ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩት፤ ደረሰኙንና ሙሉ ኮፒውን ያዙ። በመጨረሻው ሳምንት አትላኩት።

ሁለት ነገር ይጣራ። ለ2022 የሚታዩት ሦስቱ ዓመታት 2019፣ 2020 እና 2021 ናቸው። በኮሮና ጊዜ መኪናውን አቁመው ሥራ አጥ ክፍያ ሲወስዱ ከነበረና 2020ም 2021ም ከመንዳት 400 የተጣራ ካላሳዩ፣ 2022 አማራጩን መጠቀም አይችልም። ሌላው፣ በዚህ አካሄድ ከ5ቱ ዕድል 4ቱ ያልቃል። የቀረችውን አንድ አስቀምጧት።

ጃንዋሪ_አንድ፦

የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 መሆኑን ማንም አላነሳውም። በስደት መጥቶ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሁሉ የተሰጠው ቀን ስለሆነ እኛ ዘንድ ሞልቷል፤ ሕጉ ላይ ደግሞ ልዩ ትርጉም አለው። በሶሻል ሴኩሪቲ አቆጣጠር ሰው ዕድሜው የሚሞላው ከልደቱ ቀን በፊት ባለው ቀን ነው። እሳቸው 65 የሚሞሉት ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። ሜዲኬራቸው (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) የሚጀምረው ጃንዋሪ 2027 ሳይሆን ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው ማለት ነው። የመመዝገቢያው 7 ወርም ከሴፕቴምበር 2026 እስከ ማርች 2027 ነው። በ65ኛ ልደቴ ማግስት እጀምራለሁ ብሎ የሚቆጥር ሰው አንድ ወር ይሳሳታል።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 የተወለደ ሰው ደግሞ እንደ 1959 ተወላጅ ይቆጠራል። ሙሉ የጡረታ ዕድሜው 67 ሳይሆን 66 ከ10 ወር ነው። ለእሳቸው ግን 67 ነው፤ 1961ም 1962ም ያው ነው።

40 ክሬዲት የሌለው ሰው ሜዲኬር ላይ የሚከፍለውን ተመልከቱ። የሆስፒታሉ ክፍል፣ ፓርት ኤ፣ 40 ላለው ሰው ነፃ ነው። ከ30 እስከ 39 ላለው በ2026 በወር 311 ዶላር፣ ከ30 በታች ለሆነ 565። ፓርት ቢ፣ የሐኪም ክፍሉ፣ 40 ላለውም ለሌለውም መደበኛ ክፍያው 202.90 ነው። 39 ክሬዲት ያለው ሰው ለአንዲት ክሬዲት በዓመት 3,732 ዶላር ይከፍላል። 844ቱን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ባለቤታቸው 40 ካላቸውና ቢያንስ 62 ከሆኑ ግን እሳቸው በእሷ በኩል ፓርት ኤን በነፃ ያገኛሉ፤ ይሄን መጀመሪያ ጠይቁ።

ፓርት ቢ የክሬዲት ጉዳይ የለበትም። 40 እስኪሞላ እጠብቃለሁ ብለው ሰባቱን ወር ካሳለፉት፣ ለእያንዳንዱ የዘገየ 12 ወር 10 በመቶ እስከ ዕድሜ ልክ ይጨመርባቸዋል። ማርኬትፕሌስ (በመንግሥት ድጎማ ኢንሹራንስ የሚገዛበት) ላይ ኢንሹራንስ ካላቸው ደግሞ፣ ነፃ ፓርት ኤ ካገኙበት ወር ጀምሮ የመንግሥት ድጎማው ስለማይገባቸው እሱን ራሳቸው መዝጋት አለባቸው። በራሱ አይዘጋም፤ ቆይቶ በታክስ ጊዜ ድጎማውን መልሱ ይመጣል።

ስም ላይ ደግሞ፦ የፓርኪንጉን 4 ዓመት በዓመት በዓመቱ ከፍታችሁ እዩ። በካርዱ ላይ የአባት ስም፣ በደብሊው-2 ላይ የአያት ስም ገብቶ ከሆነ ወይም አንዱ ፊደል ከተለየ፣ ገቢው በእሳቸው መዝገብ ላይ ሳይገባ ተንሳፍፎ ይቀራል። ደብሊው-2 ወይም የደመወዝ ወረቀት ከተገኘ በኤስኤስኤ-7008 ቅጽ ይታረማል። የቀጣሪ ስህተት ሲሆን ያ የ3 ዓመት ገደብ የማይሠራባቸው ብዙ ሁኔታዎች አሉ፣ ስለዚህ ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትተዉት።

ሜሪ_ኬር፦

40 ሞላ ማለት ደህና ጡረታ ተገኘ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። 40 በሩን ነው የሚከፍተው። ገንዘቡ የሚሰላው ግን በከፍተኛዎቹ 35 ዓመታት አማካይ ነው፤ ያልተሠራበት ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል።

በግምት ላስላው (ያለፈውን ደመወዝ ከዘመኑ ጋር የሚያስተካክለውን ስሌት ትቼ)። ፓርኪንግ 4 ዓመት በ24,000፣ 96,000። መንዳት፣ እስከ 67 የሚነዱትን ዓመታት ጨምሮ፣ በጠቅላላ 69,000 ገደማ። ድምር 165,000 ሲካፈል ለ420 ወራት፣ 392። ከዚህ 90 በመቶ፣ ወደ 353 ዶላር በወር፣ በ67 ዓመት። በ65 ከጀመሩት 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ እስከ 70 ከቆዩ 24 በመቶ ይጨምራል።

በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ 1,000 ዶላር የተጣራ ትርፍ ወርሃዊውን ወደ 2 ዶላር ያሳድገዋል፣ ታክሱ ደግሞ 141 ዶላር ነው። በ6 ዓመት ገደማ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ነው። አዲስ ዓመት ዜሮውን ስለሚተካ ነው እንዲህ የሚሆነው። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ከማንኛውም ባንክ የተሻለ ይከፍላል። ስለዚህ 45,000 ማይል እየነዱ 7,500 ከማትረፍ፣ ባዶ መኪና የሚሄድበትን ማይል መቀነስ፣ ወይም በሳምንት 2 ቀን ደብሊው-2 የሚሰጥ ሥራ መያዝ ይሻላል። ደብሊው-2 ላይ ግማሹን ታክስ ቀጣሪው ይከፍላል፣ ማይልም አይበላውም። በ2026 አንድ ክሬዲት 1,890 ነው፤ 7,560 ዶላር ደመወዝ ማለት 4 ክሬዲት ነው፤ በጥቂት ወር ይሞላል፣ አካውንት ተዘጋ አልተዘጋ።

ሽማግሌ ቤት ለቤት የሚንከባከቡ እህቶችም ይስሙ። ቤተሰቡ በካሽ የሚከፍላችሁ ከሆነ መዝገብ ላይ የምትገቡት እነሱ ሲያሳውቁ ብቻ ነው። በ2025 ከአንድ ቤት 2,800 ዶላር፣ በ2026 3,000 ከደረሰ ቀጣሪው ሶሻል ሴኩሪቲ የመክፈል ግዴታ አለበት። «በካሽ ይሻለኛል» ያለች ሴት 65 ላይ ፓርት ኤን በ565 ትገዛለች።

አይአርኤ (የግል የጡረታ ቁጠባ) ክፈቱ የሚል ምክርም ይመጣል። ጥሩ ነው፣ ግን ለእሳቸው ቅድሚያው አይደለም። ለዚህ ቁጠባ የሚሰጠው ሴቨርስ ክሬዲት የሚባለው የታክስ ቅናሽ ለዝቅተኛ ገቢ እስከ ግማሹን ይመልሳል ይባላል፤ ነገር ግን የገቢ ታክስን ብቻ ነው የሚያቃልለው። 7,500 የተጣራ ያለው ሰው የገቢ ታክስ የለበትም፣ ያለበት የራስ ሥራ ታክስ ነው፣ እሱን ደግሞ አይነካም። ምንም አያገኝም ማለት ነው።

ቀበና፦

አዲስ አበባ የመግባቱን ነገር እኔ ልመልስ፤ ሁሉም ስሌት የሚገለበጠው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ አሜሪካ ለሚቀር፣ ንብረት ለሌለው ሲቲዝን፣ 353 ዶላር ብቻውን አይደለም። 65 ሲሞላ ኤስኤስአይ (ገቢና ንብረት ለሌለው የሚከፈል ወርሃዊ የመንግሥት ድጎማ) አለ፤ በ2026 ለአንድ ሰው 994 ዶላር። ከጡረታው 20 ዶላር ብቻ ይተዉለትና የቀረውን ከኤስኤስአዩ ይቀንሱታል፤ ድምሩ 1,014 ይሆናል። እንግዲህ ጡረታው 353 ሆነ 700፣ እዚህ ለሚኖር ድሀ ሰው ያው 1,014 ነው። ሜሪ ያለችው የ2 ዶላር ጭማሪ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኪሱ አይደርስም።

ለሚሄድ ሰው ግን ኤስኤስአይ ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ከቆየ ይቆማል። ሜዲኬርም አዲስ አበባ ሆስፒታል አይከፍልም። ተከትሎት የሚሄደው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ብቻ ነው፤ ሲቲዝን ኢትዮጵያ ተቀምጦ ይቀበለዋል። ስለዚህ መሄድ ለሚያስብ ሰው 40ውን መሙላትም ወርሃዊውን ማሳደግም የግድ ነው። ፓርት ቢን ይዞ የሄደ ሰው በማይጠቀምበት በወር 202.90 ይቆረጥበታል፣ ከ353 ላይ። ትቶት ሄዶ ከተመለሰ ደግሞ ያ የ10 በመቶ ቅጣት ይጠብቀዋል። ታሞ መመለስ የማይቀር ከመሰለው ቢከፍል ይሻለዋል፤ ልጆች እዚህ ያሉት አብዛኛው ሰው ይመለሳል።

ቤት የሠሩ ከሆነም ይታሰብበት። ኤስኤስአይ የሚፈቅደው ንብረት ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር ነው። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም፤ ሲኤምሲ ወይም አያት ያለው የተከራየ ኮንዶሚኒየም ግን ይቆጠራል። «እዚያ ስላለ አያዩትም» የሚለውን አትስሙ፤ የሚፈረመው ቅጽ ውጭ አገር ያለውንም ይጠይቃል።

አገር ቤት በመንግሥት ሥራ ያገለገሉበት ዘመን ካለ ለ40ው አይደመርም፤ አሜሪካና ኢትዮጵያ የጡረታ ዘመን የመደመር ስምምነት የላቸውም። መልካሙ ዜና፣ የኢትዮጵያ ጡረታ የሚቀበል ሰው የአሜሪካው ይቀነስበት የነበረበት ደንብ በጃንዋሪ 2025 በወጣው ሕግ ተሰርዟል። ሁለቱንም ሙሉ መቀበል ይችላል። በዚህ ደንብ ቀደም ሲል የተቀነሰበት ካለ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ያለው ይመለስለታል፤ ካልመጣ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ባለማይል፦

ሒሳብ_ቤት፣ ስለ ማይሉ ተቀብያለሁ። አንድ ልጠይቅ፦ 40 ሞልቶ ጡረታውን ቢጀምሩና መንዳቱን ቢቀጥሉ ይቆረጥባቸዋል?

ሒሳብ_ቤት፦

ከ67 በፊት ከጀመሩት ገደብ አለ። በ2026 ዓመቱን ሙሉ ከ67 በታች ለሆነ ሰው 24,480 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ለተገኘ ለየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ይያዛል። የሚታየው የተጣራው እንጂ የ1099ኙ ጥቅል አይደለም። የእሳቸው 7,500 አጠገቡም አይደርስም። የተያዘ ገንዘብም ቀልጦ አይቀርም፣ 67 ሲሞላ ወርሃዊው እንደገና ተሰልቶ ከፍ ይላል። ከጀመሩ በኋላ የሚሠሩበት ዓመትም ዜሮውን ከተካ በየዓመቱ በራሱ ይታከላል።

ብስራት፣ ከላካችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። የታረመ ወረቀት አይአርኤስ ጋ ወራት ይወስዳል፣ ከዚያም ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ መተላለፍ አለ። ኦገስት ላይ ገጻቸውን ክፈቱ። የ2022 መስመር አሁንም 3,694 እያለ ከሆነ፣ የ1040-ኤክሱን፣ የስኬጁል ኤስኢውን፣ የክፍያውን ማስረጃና የፖስታ ደረሰኙን ይዛችሁ ከሴፕቴምበር በፊት ቢሮ ቀጠሮ ያዙ። ወዲያው 6,040 ብሎ እንዲጻፍ የሚጠየቀው በዚያው በ7008 ነው።